ቅሉ የቆመበት መሬት

ላ ሶርዳ የሚባለው ረግረግ ውሃ በነበረበት ዘመን ከአንዱ ዳር የተጣራ ሰው መልሱን የሚሰማው በማግስቱ ነበር። ዓሣው ከመብዛቱ የተነሣ መረብ የጣለ ሰው የሚጨነቀው ባዶ እጄን እመለሳለሁ ብሎ ሳይሆን ታንኳዬ ትሰጥማለች ብሎ ነው። ትንኙማ የጎደለው ኮርቻ ብቻ ነበር። የካኞ ሆንዶ መንደር ሰው ይህን ሲያወራ ግን አይስቅም። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ባለከብቱ ዶን ጉስማን የሳን ሆርሄ ወንዝ ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ ተራራ የሚያክል የአፈር ክትር ቆልሎ ረግረጉን አነቀው። ውሃው ሸሸ፣ ትራክተር ገባ፣ ሣር ተዘራ፣ አጥር ታጠረ። ዶን ጉስማንም "ይህ መሬት ከፍጥረቱ ጀምሮ ግጦሽ ነው" የሚል ባለ ሦስት ማኅተም ወረቀት አወጣ።

በዚያ በጋ ከከተማ ኮሚሽን መጣ። ሥራው ረግረጉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ መሬቱን እየቆፈሩ፣ ቀይ ባንዲራ እየተከሉ መለየት ነው። ከባንዲራው ውስጥ የገባው ሁሉ ወደ ሕዝብ ይመለሳል፤ ክትሩም ውስጥ ከገባ ይፈርሳል። ከባንዲራው ውጭ የቀረው እስከ ምጽአት ቀን የዶን ጉስማን ሣር ነው። ኮሚሽኑ ሥራውን ተምሮ የሚያግዝ አንድ የመንደር ሰው ጠየቀ። እጅ ያወጣችው የዊልፍሪዶ ልጅ ያኔሪስ ብቻ ነበረች። ሌላው ሰው ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ የካኞ ሆንዶ ወንድ ከአዞ አፍ ጥርስ የሚነቅል ነው። ላ ሶርዳን በቀትር ለመርገጥ ግን ማንም አልፈለገም።

ያኔሪስ ግን ምክንያት ነበራት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ክትሩ ሊሠራ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ አባቷ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ታንኳው ብቻ ተገልብጣ ተመለሰች። በዚያ አገር ሰጥሞ የጠፋን ሰው የሚፈልገው ቅል ነው። ቅሉን ለሁለት ይከፍሉታል፤ በግማሹ ላይ ሻማ ለኩሰው ውሃው ላይ ይለቁታል። የሚቆምበት ቦታ ሬሳው ከሥሩ አለ። የዊልፍሪዶ ቅል በነፋሱ ተንሳፍፎ፣ እምቦጭና ቄጠማ እንደ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቦታ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሦስት ቀን በእንጨት ወጉ፤ የነኩት ጭቃ ብቻ ነው። "የውሃው ጌታ ሞሃን ወስዶታል" ብለው ውሃው ሲደርቅ በቦታው የብረት መስቀል ተከሉ።

ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ዘጠኙ የሐዘን ቀን አያልቅም። በዘጠነኛው ቀን መፍረስ የነበረበት የሐዘን መሠዊያ በእናቷ በኒኛ ኦቪዲያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ቆመ። ነጩ አንሶላ የዝሆን ጥርስ መሰለ። ከፊቱ ነፍሱ ሲጠማው እንዲጠጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀመጣል። ኒኛ ኦቪዲያ ጠዋት ጠዋት ትሞላዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ጎድሎ ታገኘዋለች። አንዳንዱ ሙቀቱ ነው ይላል። ጥር ላይም ሰኔ ላይም ያው ሁለት ጣት እየለካ የሚጠጣ ሙቀት ግን ታይቶ አይታወቅም።

ያኔሪስ የፈለገችው ያ መሠዊያ እንዲፈርስ ነው። ለዚያ ደግሞ መስቀሉ ያለበት ቦታ ከባንዲራው ውስጥ መግባት፣ ክትሩ መፍረስ፣ ውሃው መመለስ ነበረበት። ወረቀቱ "ግጦሽ ነው" እስካለ ድረስ አባቷ የሰጠመው በሣር ውስጥ ነው፤ በሣር የሰጠመ ሰው ደግሞ ዘጠኙ ቀን አይሞላለትም።

አስተማሪዋ ዶን ኤሊሴዮ ከሲንሴሌሆ ከተማ የመጣ የስድሳ ዓመት የአፈር ባለሙያ ነበር። የቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ ቢደራርቡት በቻይና በኩል ይወጣል። ከሚስቱ ይልቅ የሚጠነቀቅለት አንድ የቀለም መጽሐፍ አለው፤ በየገጹ እንደ ጥፍር ያሉ የቀለም ቁራጮች ተለጥፈዋል። በእጅ መሰርሰሪያ ከጉድጓድ የወጣውን አፈር በጣት አርጥቦ ከቁራጮቹ ጋር ማስተያየት ነው ሥራው።

"ሦስት ምስክር አለ፣ ልጄ" አላት በመጀመሪያው ቀን። "ተክሉ፣ ውሃው፣ አፈሩ። ተክሉን አርሰውታል። ውሃውን አባረውታል። ለአፈሩ ግን ማን ይነግረዋል? ውሃ ሲተኛበት የኖረ አፈር አየር አጥቶ ይገረጣል፤ ግራጫ ይሆናል። ሥር በገባበት ቀዳዳ ብቻ እንደ ዛገ ሚስማር ቀይ ይላል። መቶ ዓመት ቢያርሱት ከሥሩ ያው ነው።"

"ዶን ኤሊሴዮ፣ ይኼስ? ግራጫ ነገር አይደለም?"

"ግራጫ ነገር የሚባል ገጽ የለኝም። ወይ ነው ወይ አይደለም።"

"ትንሽ ቡናማ ያደርገዋል።"

"እንግዲያው አይደለም። አፈሩን እንጂ አንጀትሽን አታንብቢ።"

በድሮው ዳርቻ ቆሞ የቀረ አንድ ግንድ ፊትም አቆማት። በደረቷ ትክክል ነጭ የደረቀ መስመር ግንዱን ዞሮታል። "ይኼን አየሽ? ውሃ ሲሄድ ቁመቱን ጽፎ ነው የሚሄድ። ዝናብ አያጥበውም። ጥፍርም አይፍቀውም፤ ሞክሪ።"

ሞከረች። አልለቀቀም።

በሁለተኛው ሳምንት እሱ ሐሞክ በሚሉት የተንጠለጠለ አልጋ ላይ ሲያንቀላፋ ያኔሪስ ብቻዋን ሠላሳ ባንዲራ ተክላ ጠበቀችው። መስመሩ እንደ እባብ ይጥማዘዛል። ዶን ኤሊሴዮ ዓይኑን አሻሸ።

"ጉድጓዶቹ የታሉ?"

"አልቆፈርኩም።"

"ታዲያ መስመሩን ከየት አመጣሽው?"

ያኔሪስ ራሷም ግራ ገባት። እግሯ ነው የወሰዳት። ከዚያ በኋላ ነው ልብ ያለችው፤ የካኞ ሆንዶ ሰው ወደ ወንዙ ሲሄድ ያንን ደረቅ ሜዳ በቀጥታ አያቋርጥም። ሁሉም በድሮው የውሃ ዳር ዞሮ ነው የሚሄደው። ክትሩ ከተሠራ በኋላ የተወለዱት እንኳ ይዞራሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ቀጥታ ሲሄዱ ደረት ላይ የሆነ ነገር እየከበደ፣ ትንፋሽ እያጠረ ይመጣል።

ዶን ኤሊሴዮ በሠላሳው ባንዲራ ሥር ሁሉ ቆፈረ። ሃያ ዘጠኙ በትክክል ግራጫው ላይ አረፈ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"አንዱን ስተሻል" አለ በመጨረሻ።

ፈረስ ላይ ሆኖ የሚሰልላቸው የዶን ጉስማን የእረኞች አለቃ ፓትሮሲኒዮ ነበር። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነው ኮርቻ ላይ የሚወጣው።

"ያኔሪስ! ነዳጅ ስታገኚ እንዳትረሺኝ!"

"ነዳጅ ባገኝ መጀመሪያ የምለኩሰው አንተን ነው!"

"ዓሣ በመሰርሰሪያ ስታጠምድ ያየኋት የመጀመሪያዋ ሴት ነሽ እኮ!"

"አንተን የሚያህል ካለ በመሰርሰሪያም አይነቃነቅ፣ ሂድ ወደዚያ!"

ቀትር ሲሆን ግን ቀልዱ ያልቃል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላ ሁሉ ከባለቤቱ እግር ሥር ሲገባ፣ ከደረቁ ሜዳ መሐል ድምፅ ይመጣል። ጧ፣ ጧ። ከዚያ እንደ ማሰብ ብሎ፣ ጧ። መቅዘፊያ የታንኳ ጎን ሲመታ ነው። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ዓሣውን ወደ መረቡ ለማባረር ይመታል፤ ሁለቴ መትቶ፣ አርፎ፣ አንዴ የሚመታ ግን ዊልፍሪዶ ብቻ ነበር። ከሳን ሆርሄ እስከ ካውካ ወንዝ ባለው አገር የሌላ ሰው ምት እንደዚያ አልነበረም።

ፓትሮሲኒዮ ድምፁ ሲመጣ የፈረሱን ጆሮ ያያል፤ ፈረሱ የእሱን ያያል። "ግንደ ቆርቁር ነው" ይላል። ለግንደ ቆርቁር የሚሆን ዛፍ በዚያ ሜዳ ላይ አንድም አልነበረም። ዶን ኤሊሴዮም ይሰማል፤ ወዲያው የቀለም መጽሐፉን ይገልጣል፤ ግን ወደ ገጹ አያይም።

ያኔሪስ መስቀሉን ለመጨረሻ አቆየችው። ሁለት መቶ ስድሳ ጉድጓድ ቆፍራ ነበር፤ የካኞ ሆንዶ ሰው ስድስት ሺህ ይላል። በአርባ ቀን ውስጥ ዓይኗን ጨፍና አፈሩን በጣቷ ስታሽ ቀለሙን የምትናገር ሆናለች። መስቀሉ ዘንድ ስትደርስ ከብቶቹ እንደ ሁልጊዜው ሃምሳ እርምጃ ርቀው ነበር። ፓትሮሲኒዮ ግን ያን ቀን ቀረበ። ምናልባት ፍርሃቱን ሊደብቅ ነው።

"እስቲ ስሚኝ" አላት። "ሰው በሣር ይሰጥማል? አባትሽ ቬኔዝዌላ ከአንዲት ወፍራም ሴትዮ ጋር ዶሮ ጠብሶ ይሸጣል። አየሁት ያለኝ ሰው አለ።"

"ማነው ያየው?"

"ሰው ነዋ!"

"ፓትሮሲኒዮ፣ አንተ ራስህ በዚህ ውሃ ላይ ቅሉን ተከትለህ ቀዝፈሃል። እናቴ ነግራኛለች።"

ሰውየው ፊቱ ደም መሰለ። ፈረሱን አዙሮ ሄደ።

መሰርሰሪያውን ከመስቀሉ ሥር ተከለችው። አንድ ክንድ ወረደች። የወጣው አፈር ቡናማ ነበር። ሌላ ክንድ ወረደች። ቡናማ፤ ፍርፍር የሚል፣ ጤነኛ፣ ካሳቫ የሚያበቅል ቡናማ። አንዲት የዛገች ነጠብጣብ የለችበትም። አፈሩን አርጥባ ከቁራጮቹ ጋር አስተያየችው፤ ቁራጮቹ አልዋሹላትም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አባቷ ሰጠመበት ሲባል የኖረው ቦታ ውሃ የተኛበት ቦታ አልነበረም።

ሰው በሣር ይሰጥማል?

ዶን ኤሊሴዮ ከሩቁ ጥላ ሥር የተጠበሰ የቦካቺኮ ዓሣውን በካሳቫ እየበላ ጀርባውን ሰጥቷታል። ያኔሪስ ተነሥታ አራት እርምጃ ወደ ግራ ሄደች፤ ቆፈረች። ግራጫ፤ እንደ ርግብ ክንፍ ያለ ንጹሕ ግራጫ፣ የዛጉ ሥሮች እንደ ደም ሥር የተጋደሙበት። በእፍኟ ይዛ ተመለሰች። ቡናማውን ከናሙና ማስቀመጫው ሳጥን ደፋችና ግራጫውን አኖረች። በቅጹ ላይ "መስቀሉ፤ ረግረግ" ብሎ መጻፍ ብቻ ነው የቀረው። እርሳሱን አነሣች።

ጧ፣ ጧ።

ከጀርባዋ አልነበረም። ከመስቀሉም አልነበረም። ሦስተኛውን ምት ጠበቀች።

ጧ።

ከክትሩ በኩል ነው። እስከዚያ ቀን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ከመስቀሉ ነው ብሎ ነው የኖረው። ያኔሪስ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ግራጫ አፈር አየችው። አባቷን በሰው አፈር ልትቀብረው ነበር። ደፋችው። ቡናማውን ከመሬት ለቅማ መለሰች፤ በቅጹም ላይ ጻፈች፦ "ደረቅ"።

"ዶን ኤሊሴዮ!" ስትል ጮኸች፤ ዓሣው ከእጁ ወደቀ።

መጥቶ አየ፣ አሸተተ፣ በምላሱ ቀመሰ። ከዚያ በቀኝ አራት እርምጃ ቆፈረ፤ ግራጫ። ከዚያ አሥር፤ ቡናማ። ከዚያ አሥራ አራት፤ እንደገና ግራጫ። ቁጭ አለ።

"የጥንቶቹ ናቸው" አለ። "ሴኑዎች። ከእስፔን ሰዎች በፊት፣ ከሁሉም በፊት። ውሃው ውስጥ ቦይ እየቆፈሩ፣ አፈሩን ከጎን እየደለደሉ፣ ድልድሉ ላይ ይዘሩ ነበር፤ ቦዩ ውስጥ ያጠምዱ ነበር። ትራክተሩ ከላይ አስተካከለው እንጂ ከሥሩ እንዳለ ነው። ይኼ መስቀል የቆመው በሞቱ ሰዎች የእርሻ መደብ ላይ ነው፣ ልጄ።"

ያኔሪስ ብዙ ጊዜ አላስፈለጋትም። "ከፍ ያለ ነበር ማለት ነው። እምቦጩ ሸፍኖት እንጂ ውሃው ላዩ ላይ አይደርስም።"

"አይደርስም።"

"ቅሉ አባቴን አላገኘም። መሬት ነክቶ ነው የቆመው።"

ሬሳ ሲፈልጉ በእንጨት ወጉ እንጂ ጥልቀቱን ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ውሃ ውስጥ ተወልደው ውሃ ውስጥ ያረጁ ሰዎች፣ ዓሣ በአረፋው የሚለዩ ሰዎች፣ ቅል ቆመ ሲባል መቅዘፊያቸውን ወደ ታች ሰድደው አልለኩም። ቅል ከቆመ ቆመ ነው።

"ባይነካስ ኖሮ?" አለች ያኔሪስ። "ነፋሱ ወዴት ይወስደው ነበር?"

የበጋው ነፋስ ባርኔጣዋን ወደ ክትሩ ገፋው።

ከዚያ በኋላ ቦዩን ተከተለች። ስድስት እርምጃ፣ ጉድጓድ፤ ግራጫ። ስድስት እርምጃ፣ ጉድጓድ፤ ግራጫ። የጥንቶቹ ቦይ ከሥሯ እየተጠማዘዘ ይመራታል፤ እሷ አፈሩን እያነበበች በደረቅ ሜዳ ላይ ትቀዝፋለች። ዶን ኤሊሴዮ ከኋላዋ ባንዲራ ይተክላል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ፓትሮሲኒዮ ፈረሱን እየጎተተ በእግሩ ይከተል ጀመር። አንድም ጊዜ ከቦዩ አልወጣም።

በአርባ አንደኛው ጉድጓድ የክትሩ ሥር ደረሱ። ግራጫው እየጠቆረ፣ እየገማ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል እየሸተተ መጥቶ ነበር። መሰርሰሪያው እጀታው ድረስ ገባ። ስትነቅለው ጉድጓዱ ተነፈሰ። ከዚያ ከሥሩ ውሃ መጣ። ቀስ እያለ፣ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጉድጓዱን ሞልቶ ከአፉ እኩል ቆመ። አሥራ ሰባት ዓመት በደረቀ ሜዳ፣ በበጋ፣ በቀትር።

ፓትሮሲኒዮ አማተበ። "እኔ ነኝ ማሽኑን የመራሁት" አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። "ክትሩ ሲሠራ። እዚህ ጋ ጉድጓዱ አፈር አይጠግብም ነበር። አርባ መኪና ገለበጥን፤ ዋጠው። እንደገና አርባ። ዶን ጉስማን 'ሙላው' አለኝ። ሞላሁት።"

"የሰማኸው ነገር ነበር?" አለችው ያኔሪስ።

መሬት መሬት አየ። "ማሽኑ ይጮህ ነበር" አለ።

የባንዲራው መስመር ክትሩን ውስጥ አስገብቶ አልፎ ሄደ። የዶን ጉስማን ጠበቃ ጫማውን በጭቃ አበላሽቶ መጣና ጣቱን በቅጹ ላይ ተከለ። "ይኸው! ራሳቸው 'ደረቅ' ብለው ጽፈዋል፤ እዚያው መስቀሉ ላይ!" የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ቅጹን ተቀብላ አነበበች። ከሥሩ፣ "አስተያየት" በሚለው ቦታ፣ በያኔሪስ እጅ ጽሑፍ፦ "ደረቅ ነው። ቅል ያቆማል።" ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች። "ለራሷ ሐዘን ያልዋሸች ልጅ ለዓሣ ብላ ትዋሻለች ብለው ነው?" አለችው። ጠበቃው ጫማውን ይጠርግ ጀመር።

ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ማሽን መጥቶ ክትሩን በአርባ አንደኛው ባንዲራ ትክክል ቆረጠው። ማሽኑን እየጠቆመ የመራው ፓትሮሲኒዮ ነው፤ እምቢ ያለውን ሹፌር መሪው ላይ መልሶ አስቀምጦ። ከአፈሩ ሥር ከግራጫው ጭቃ መጀመሪያ የወጣው መቅዘፊያ ነበር፤ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ። አየር ያልነካው እንጨት አይበሰብስም። እጀታው ላይ ዊልፍሪዶ በጋለ ብረት የተኮሰው ምልክት ትናንት የተተኮሰ ይመስል ነበር። ከመቅዘፊያው አጠገብ የቀረውን አጥንት ከከተማ የመጡ ሰዎች በብሩሽ ለቀሙት፤ ከሁለት ወር በኋላ በትንሽ ሳጥን አድርገው ለኒኛ ኦቪዲያ አስረከቧት። በጭኗ ላይ አኖረችውና "እንዲህ ቀለልክ?" አለችው።

ዘጠኙ ቀን ሞላ። መላው ካኞ ሆንዶ ጸለየ፣ ዶሚኖ ተጫወተ፣ ስለ ዊልፍሪዶ ዋሸ፤ አንዱ እንደሚለው ዊልፍሪዶ በአንድ ምት የወንዙን ዓሣ ሁሉ ታንኳው ውስጥ ያስዘልል ነበር። በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ሴቶቹ አንሶላውን ነቀሉ፣ አበባውን አወረዱ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ላ ሶርዳ በዝናቡ ሞልታ ከበሩ ፊት እስከ ሰማይ ጫፍ ተኝታለች። ከመሐሏ የብረቱ መስቀል በደረቅ መደቡ ላይ ብቻውን ብቅ ብሏል።

ቀትር ሆነ። ያኔሪስ ከእናቷ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ጥላቸው ከእግራቸው ሥር ገባ።

"ሰማሽ?" አለች ኒኛ ኦቪዲያ።

"አልሰማሁም፣ ማማ።"

"እኔም።"

ሁለቱም ከመቀመጫቸው አልተነሡም። አሥራ ስምንት ዓመት የሰሙት ነገር ሲቀር ጆሯቸው ራሱ ይጮህ ነበር።

"እንግዲህ ብርጭቆውን እጠቢው" አለች እናትየው። "ከሌሎቹ ጋር ይቀመጥ።"

ያኔሪስ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ውሃው ወረደች። በአሸዋ አሸችው፣ በሳሙና አሸችው፣ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነጭ ቀጭን መስመር ብርጭቆውን ዞሮታል፤ የጠጪው ከንፈር በየቀኑ የሚያቆምበት ቦታ። በጥፍሯ ፋቀችው።

አልለቀቀም።